ቫሪያብሌን ማን ነካው? በኤኤስ/400 ፕሮግራሞች መካከል ስለሚበላሽ ዳታ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አይቢኤም ኤኤስ/400 የተባለውን የድርጅቶች ኮምፒውተር ይፋ ያደረገው እ.ኤ.አ. በጁን 1988 ነው። ማሽኑ የተወለደው ሚኒሶታ ውስጥ፣ ሮቸስተር ከተማ ነው። ከዚያ ወዲህ ስሙ ብዙ ጊዜ ተቀያይሯል። አይሲሪስ ተባለ፣ ሲስተም አይ ተባለ፣ ከ2008 ጀምሮ ደግሞ ስርዓተ ክወናው አይቢኤም አይ ይባላል። ቢሮ ውስጥ ግን ሰዉ አሁንም ኤኤስ/400 ነው የሚለው፤ እኔም ከልማዴ አልወጣም። በዚህ ማሽን ላይ በአርፒጂና በሲኤል (በማሽኑ የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋዎች) የምንሠራ ሰዎች እርስ በርስ የምንጠያየቀው አንድ ነገር አለ። መልኩን እየቀያየረ ይመጣል እንጂ ጥያቄው ያው ነው።

ሌላ ፕሮግራም ጠርቼ ስመለስ ያልነካሁት ቫሪያብል ተቀይሮ አገኘሁት። ማን ነካው?

አብዛኛውን ጊዜ የጠራችሁት ፕሮግራም ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቫሪያብል ፕሮግራሙ ዋጋ የሚያስቀምጥበት የሜሞሪ ቦታ ነው። እዚህ ማሽን ላይ አንድ ፕሮግራም ሌላውን ሲጠራ የሚያቀብለው ዳታውን ሳይሆን አድራሻውን ነው። «ዳታው ከዚህ ይጀምራል» ይለዋል። የት እንደሚያልቅ ግን አይነግረውም። ተጠሪው ርዝመቱን የሚያውቀው በራሱ ውስጥ ከተጻፈው ብቻ ነው። ጠሪው ለቅርንጫፍ ኮድ 3 ባይት መድቦ፣ ተጠሪው 5 ባይት ብሎ ካወጀ፣ ተጠሪው ሲጽፍ አምስቱንም ይጽፋል። ሁለቱ ባይት የጎረቤት ናቸው።

ገጠር ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት ኮምፒውተር አያስፈልገውም። ድንበር መግፋት ነው። እህሉ የተበላሸበት ገበሬ ምንም አላጠፋም፤ የገፋው ከጎኑ ያለው ነው። ስለዚህ የተበላሸውን ቫሪያብል ስም ይዞ «የት የት ተጠቅመንበታል?» እያሉ ሶርሱን (የፕሮግራሙን ጽሑፍ) ማገላበጥ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው። መጀመሪያ የሚፈተሸው በጥሪው ላይ ያሉት ፓራሜትሮች (ጠሪው ለተጠሪው የሚያቀብላቸው ዋጋዎች) ርዝመትና ዓይነት ነው። በአንድ በኩል ጠሪውን፣ በሌላ በኩል ተጠሪውን ክፈቱና አንድ በአንድ አስተያዩ። ቁጥራቸውን፣ ቅደም ተከተላቸውን፣ ዓይነታቸውን፣ ርዝመታቸውን።

ይህ ፕሮግራም እኮ አሥር ዓመት ያለ ችግር ሠርቷል። ዛሬ ምን ነካው?

ስህተቱ አሥር ዓመት ሙሉ እዚያው ነበር። ድንበሩ የሚገፋው ወደ ባዶ መሬት ስለነበር ማንም አልጮኸም።

ቫሪያብሎች በሜሞሪ ውስጥ እንዴት እንደሚደረደሩ የሚወስነው ኮምፓይለሩ (ሶርሱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚቀይረው ፕሮግራም) ነው። በጻፍናቸው ቅደም ተከተል ይቀመጣሉ የሚል ዋስትና የለም። ከፓራሜትሩ ጎን ያረፈው ቫሪያብል ማንም የማይጠቀምበት ከሆነ ቢበላሽም አይታወቅም። አንድ ቀን አንድ ሰው ከነገሩ ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው ቫሪያብል ይጨምርና እንደገና ኮምፓይል ያደርጋል። አደራደሩ ይቀየራል። ባዶ መሬት የነበረው ቦታ ላይ አሁን የደንበኛው ሂሳብ ቁጥር አለ። ከዚያ ጣት የሚቀሰረው በዚያ ምስኪን ላይ ነው። «አንተ ከነካኸው ወዲህ ነው የተበላሸው!»

ይህ ራሱ ምልክት ነው። አንድ መስመር ስትጨምሩ ችግሩ ጠፍቶ፣ ስታወጡት ከተመለሰ፣ ወይም ጉዳቱ ከአንዱ ቫሪያብል ወደ ሌላው ከዞረ፣ ድንበር ገፊ አለ ማለት ነው። መስመሯን ጨምሮ «ተስተካከለ» ብሎ ወደ ቤት መሄድ ግን ችግሩን ወደ ሌላ ጎረቤት መላክ ነው።

በባይት ደረጃ ምን ይመስላል?

ወረቀትና እርሳስ ያዙ። አንድ የሲኤል ፕሮግራም ሁለት ቫሪያብል አለው እንበል። አንዱ የገንዘብ መጠን ነው፤ ዴሲማል፣ 9 አሃዝ፣ ሁለቱ ከነጥብ በኋላ። ከጎኑ የቅርንጫፍ ኮድ አለ፤ 3 ፊደል፣ ውስጡ «012» ተጽፏል።

ሲኤል ዴሲማልን የሚያስቀምጠው በፓክድ መልክ ነው። አንድ ባይት ሁለት አሃዝ ይይዛል፤ የመጨረሻው ግማሽ ባይት ለምልክት ነው። ኤፍ ከሆነ ፖዘቲቭ፣ ዲ ከሆነ ኔጌቲቭ። ስለዚህ 9 አሃዝ 5 ባይት ይፈጃል። 1250.75 ሲቀመጥ በሄክስ (በ16 መደብ አጻጻፍ) 00 01 25 07 5ኤፍ ይሆናል።

ተጠሪው የአርፒጂ ፕሮግራም ደግሞ ያንኑ ገንዘብ 11 አሃዝ ብሎታል። ይህ 6 ባይት ነው። ያንኑ 1250.75 መልሶ ሲጽፍ 00 00 01 25 07 5ኤፍ ያሰፍራል። አምስቱ ባይት በሲኤሉ ገንዘብ ላይ ያርፋሉ። ስድስተኛው 5ኤፍ የሚወድቀው ቅርንጫፍ ኮዱ ላይ ነው። በኢቢሲዲክ (ማሽኑ ፊደላትን በሚጽፍበት ኮድ) «0» የሚጻፈው ኤፍ0 ተብሎ ነው፤ አሁን ቦታው ላይ 5ኤፍ አለ። ስክሪን ላይ «012» የነበረው በዜሮው ፋንታ አንድ እንግዳ ምልክት ይዞ ይመጣል።

ገንዘቡም አልተረፈም። ሲኤል አምስቱን ባይት ሲያነብ 00 00 01 25 07 ያገኛል። ምልክት መሆን ያለበት ግማሽ ባይት 7 ሆኗል። 7 ደግሞ ምልክት አይደለም። ሲኤል ገንዘቡን ለስሌት ካነሳው ይወድቃል። ካላነሳው ግን ዝም ብሎ ያልፋል። ያኔ ቅሬታው የሚመጣው ስለ ቅርንጫፉ ብቻ ነው፤ ገንዘቡን የጠረጠረ ሰው አይኖርም።

አርፒጂ ላይ ሌላም ወጥመድ አለ፤ እኔ ራሴ ከአንዴም ሁለቴ ወድቄበታለሁ። በድሮው የዲ ስፔክ (የቫሪያብል ማወጃ መስመር) አጻጻፍ ዓይነቱን ሳትጠቅሱ ቁጥር ካወጃችሁ፣ ለብቻው የቆመ ፊልድ ፓክድ ይሆናል። ዳታ ስትራክቸር (ብዙ ፊልዶችን አንድ ላይ የሚይዝ መዋቅር) ውስጥ ያለ ከሆነ ግን ዞንድ ይሆናል። ዞንድ ለእያንዳንዱ አሃዝ አንድ ሙሉ ባይት ይወስዳል። ያው 9 አሃዝ እዚህ 5 ባይት ነው፣ እዚያ 9 ባይት። ሶርሱን በዓይን ስታዩት ሁለቱም ጋ የተጻፈው 9 እና 2 ነው። ልዩነታቸው አይታይም።

ኮማንድ ላይን ላይ ስሞክረው ይበላሻል፤ ከፕሮግራም ሲጠራ ግን ሰላም ነው። ለምን?

ፕሮግራም በሚጠራው በኮል ኮማንድ ላይ ዋጋውን በቀጥታ ስትጽፉ፣ ማሽኑ ርዝመቱን ከተጠሪው አይጠይቅም። የራሱ ሕግ አለው። ሕጉን ያላወቀ ሰው አንድ ሙሉ ቀን ሊያባክን ይችላል።

ጽሑፍ ከሆነና 32 ፊደል ወይም ከዚያ በታች ከሆነ፣ እስከ 32 ድረስ በባዶ ቦታ ተሞልቶ ይላካል። ከ32 በላይ ከሆነ በተጻፈበት ርዝመት ልክ ይላካል፤ አንድም ባዶ ቦታ አይጨመርለትም። ተጠሪው 10 ፊደል ከጠበቀ ችግር የለም። 50 ፊደል ከጠበቀና እናንተ 5 ፊደል ብቻ ከጻፋችሁ ግን ሠላሳ ሁለቱ ልክ ነው፤ የቀረው 18 ባይት ሜሞሪው ላይ የተገኘ ነገር ነው። አንዳንዴ ቀጥሎ የጻፋችሁት ሁለተኛው ፓራሜትር የመጀመሪያው ጅራት ላይ ተቀጥሎ ይታያል። ይህን ካያችሁ ምርመራው አለቀ።

ቁጥር ከሆነ ሁልጊዜ በፓክድ 15 አሃዝ፣ አምስቱ ከነጥብ በኋላ ሆኖ ይላካል። 100 ብላችሁ ስትጽፉ የሚሄደው 00 00 00 01 00 00 00 0ኤፍ ነው። ተጠሪው 5 አሃዝ ያለ ነጥብ የሚጠብቅ ከሆነ የመጀመሪያዎቹን 3 ባይት ብቻ ያነባል፤ 00 00 00። ምልክት የለውም፤ ይወድቃል። ለሙከራ ብቻ ከሆነ ዋጋውን በሄክስ መጻፍ ይቻላል። ለዚህ ምሳሌ 00 10 0ኤፍ ማለት ነው። በቅርብ በወጡት ስሪቶች ደግሞ ኮል ላይ ከዋጋው ጋር ዓይነቱንና ርዝመቱን አብሮ መጥቀስ ይቻላል። ማሽናችሁ የሚፈቅድ ከሆነ ያለ ማመንታት ተጠቀሙበት።

በሰብሚት ጆብ የላክሁት ፕሮግራምስ? ቫሪያብሉን በትክክለኛው ርዝመት ነው ያወጅሁት።

ይህኛው የተንኮለኞች ሁሉ አለቃ ነው። ሰብሚት ጆብ ፕሮግራምን ለብቻው በሚሠራ ሌላ ጆብ (ሥራ) ውስጥ እንዲሄድ የሚልክ ትዕዛዝ ነው።

አንድ የሠራሁበት ቦታ ላይ ሌሊት ሌሊት ፋይል እያዘጋጀ የሚያስቀምጥ ጆብ ነበር። ሲኤሉ የፋይሉን መንገድ 60 ፊደል ባለው ቫሪያብል ይይዛል። አርፒጂውም የሚጠብቀው 60 ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጠን አየን፤ ልክ ናቸው። በሙከራ ማሽኑ ላይ ይሠራል። በዋናው ማሽን ላይ አንዳንድ ሌሊት የፋይሉ ስም መጨረሻ ላይ ቆሻሻ ተለጥፎበት ያድራል። ሁልጊዜ ቢሆን ጥሩ ነበር፤ አንዳንድ ሌሊት ነው! ከማኅደረ ትውስታ ብልሽት እስከ ኔትወርክ ድረስ ያልተጠረጠረ ነገር አልነበረም።

መልሱ ይኸው። ሰብሚት ጆብ ውስጥ ኮል ስታስገቡ፣ ማሽኑ ቫሪያብሉን ራሱን አይልከውም። ሌላ ጆብ ነውና የእናንተ ሜሞሪ አድራሻ እዚያ አይሠራም። ስለዚህ ትዕዛዙን ወደ ጽሑፍ ይለውጠዋል፤ የቫሪያብሉ ዋጋ እንደ ተጻፈ ቃል ሆኖ ይገባል። ከኋላው ያሉት ባዶ ቦታዎች ይቆረጣሉ። ከዚያ በኋላ የሚሠራው ያው የኮማንድ ላይን ሕግ ነው። የእኛ መንገድ 41 ፊደል ስለነበር 41 ባይት ብቻ ሄደ። ከ42 እስከ 60 ያለው የሌላ ነገር ነበር። ሙከራው ላይ ያ ቦታ በአጋጣሚ ባዶ ስለነበር ልክ ይመስላል። ዴሲማል ቫሪያብልም በዚህ መንገድ ሲሄድ 15 ከ5 ሆኖ ነው የሚደርሰው፤ ሲኤሉ ላይ ምንም ብላችሁ ብታውጁት።

መፍትሔው ሁለት ነው። የመጀመሪያው የድሮ ሰዎች ዘዴ ነው። ቫሪያብሉን በአንድ ፊደል አስረዝሙትና መጨረሻው ላይ ማንኛውንም ባዶ ያልሆነ ፊደል አስቀምጡ። 61ኛው ቦታ ላይ ነጥብም ቢሆን። ባዶ ቦታዎቹ መሀል ስለሆኑ አይቆረጡም፤ ተጠሪው ደግሞ 60ውን ብቻ ያነባል። አያምርም፣ ግን ይሠራል። ሁለተኛውና እኔ የምመርጠው፣ ለፕሮግራሙ የራሱን ኮማንድ መፍጠር ነው። ኮማንዱ ውስጥ የእያንዳንዱ ፓራሜትር ዓይነትና ርዝመት ስለሚወሰን፣ ከየትም ቢጠራ በልኩ ተሞልቶ ይደርሳል።

የሌላ ሰው ጆብ የእኔን ቫሪያብል ሊያበላሽ ይችላል?

በዚህ መንገድ አይችልም። አንድ ተራ ፕሮግራም ወደ ሌላ ጆብ ቫሪያብል የሚያደርሰውን አድራሻ ከራሱ ፈጥሮ መሥራት አይችልም፤ ማሽኑ ፖይንተሮችን (አድራሻ የያዙ ቫሪያብሎችን) በተለየ ምልክት ይጠብቃል። የሚጠበቀው ግን አድራሻው ነው፤ በራሳችሁ ጆብ ውስጥ ርዝመት የሚቆጥርላችሁ የለም። ስለዚህ «ሰርቨሩ ነው» ከማለት በፊት የራስን ግቢ ማየት ነው።

ፋይል ላይ አንድ ፊልድ ብቻ ነው የጨመርነው። ከዚያ ወዲህ ሌላ ፕሮግራም ውስጥ ያሉ ነገሮች ተበላሹ።

ፓራሜትሩ የፋይሉን መዋቅር ተከትሎ የተሠራ ዳታ ስትራክቸር ነው? ከሆነ ተገኘ።

ፋይሉ 200 ባይት ነበር፤ አሁን 220 ሆነ። ተጠሪውን እንደገና ኮምፓይል አደረጋችሁት፤ ጠሪውን ረሳችሁት። ጠሪው አሁንም 200 ባይት ነው የመደበው። ተጠሪው 220 ይጽፋል። ፋይሉን ራሱን የሚከፍት ፕሮግራም ቢሆን ሌቭል ቼክ (የፋይሉ መዋቅር ተቀይሮ ከሆነ የሚያስቆመው ፍተሻ) ይይዘው ነበር። ፓራሜትር ላይ ግን ሌቭል ቼክ የሚባል ነገር የለም። ፋይሉን ሳይከፍቱ መዋቅሩን ብቻ የሚጠቀሙ ፕሮግራሞች ናቸው ሁልጊዜ የሚረሱት። ፋይል ከመቀየራችሁ በፊት ሶርሱ ውስጥ የፋይሉን ስም በሙሉ ፈልጉ፤ የሚከፍቱትን ብቻ አትቁጠሩ።

ርዝመቱም ዓይነቱም ልክ ነው። ቫሪያብሉ ግን ከበፊቱ ጥሪ የቀረ ነገር ይዞ ይመጣል።

ይህ ብልሽት አይደለም፤ ትዝታ ነው። የአርፒጂ ፕሮግራም ኤልአር የሚባለውን የማብቂያ ጠቋሚ ሳያበራ ከተመለሰ፣ አልሞተም፤ ተኝቷል። ሲቀሰቀስ ቫሪያብሎቹ ትተዋቸው እንደሄዱ ይጠብቁታል። አንዳንዱ ይህን ለፍጥነት ብሎ ሆን ብሎ ያደርገዋል። ያኔ መግቢያው ላይ ሁሉንም ማጽዳት የፕሮግራመሩ ግዴታ ነው።

በዚሁ አጋጣሚ ሎካል ዳታ ኤሪያውንም እዩት። ለእያንዳንዱ ጆብ 1024 ባይት ይሰጣል፤ በጆቡ ውስጥ ያሉ ፕሮግራሞች ሁሉ ይጋሩታል። አንዱ ከ1 እስከ 50 ያለውን የእኔ ነው ይላል። ሌላው ከ41 ጀምሮ ይጽፋል። ሁለቱን የጻፉት ሰዎች ምናልባት ተያይተው አያውቁም። ሰብሚት ጆብም ኮፒውን ወደ አዲሱ ጆብ ይዞ ይሄዳል፤ ቆሻሻውም አብሮ ይጓዛል።

ጥፋተኛውን እጅ ከፍንጅ እንዴት ልያዘው?

በዋች፣ ማለትም አንድ የሜሞሪ ቦታ ሲቀየር ፕሮግራሙን በሚያቆም መሣሪያ። ፕሮግራሙን ከዲበግ ቪው ጋር ኮምፓይል አድርጉት፤ ሶርሱ እንዲታይ ማለት ነው። ስታርት ዲበግ በሉ። የዋናው ማሽን ዳታ ላይ ከሆናችሁና ፕሮግራሙ ፋይል የሚጽፍ ከሆነ «አፕዴት ፕሮድ» የሚለውን ማስተካከል እንዳትረሱ፤ ሳይነገረው የዋናውን ላይብረሪ ፋይል መጻፍ ይከለክላል። ከጥሪው በፊት ብሬክ ፖይንት አስቀምጡ። እዚያ ሲቆም ዋች ብላችሁ የሚበላሸውን ቫሪያብል ስም ጻፉ። ከዚያ ልቀቁት።

ያ ቦታ በተቀየረ ቅጽበት ማሽኑ ይቆምና ፕሮግራሙንና መስመሩን ይነግራችኋል። መስመሩ ላይ የተበላሸው ቫሪያብል ስም ባይኖር አትደነቁ። የሚኖረው የሌላ ፊልድ ስም ነው። ድንበር ገፊው እሱ ነው።

ቫሪያብሉን ተራ በሆነ መንገድ ብቻ አትዩት። ኢቫል (ዋጋውን አሳይ) ስትሉ ከስሙ ቀጥሎ ሁለት ነጥብና ኤክስ ጨምሩ፤ በሄክስ ያሳያችኋል። ባዶ ቦታ 40 ነው፣ ዜሮ ፊደል ኤፍ0 ነው። ቁጥር ይይዛል ያላችሁት ቦታ 40 40 40 ከሆነ፣ ማንም ቁጥር አላስገባበትም ወይም ጽሑፍ ተጽፎበታል። ችግሩ ሌሊት በሚሠራ ጆብ ላይ ከሆነ፣ ጆቡን አግዳችሁ ላኩት፣ በስታርት ሰርቪስ ጆብ ያዙት፣ ከዚያ ልቀቁት።

ኤምሲኤች1202 እና ኤምሲኤች3601 ምን ይሉኛል?

ሁለቱም የማሽኑ የስህተት መልእክቶች ናቸው። የመጀመሪያው ዴሲማል ዳታ ኤረር ነው፤ ቁጥር መሆን ያለበት ቦታ ላይ ቁጥር ያልሆነ ነገር አለ። ሁለተኛው ያልተቀመጠ አድራሻ ተነክቷል ማለት ነው፤ ከተለመዱት ምክንያቶች አንዱ ያልተላከ ፓራሜትር ነው። ሁለቱም የሚታዩት ጉዳቱ በታየበት መስመር ላይ ነው። ጉዳቱ የደረሰው ግን ከዚያ ብዙ ቀደም ብሎ ሊሆን ይችላል።

ዳግም እንዳይመጣስ?

ፕሮቶታይፕ (የፓራሜትሮቹን ዓይነትና ርዝመት የሚዘረዝር መግለጫ) ጻፉ። በአንድ የኮፒ ፋይል ውስጥ አንዴ ይጻፍ፤ ጠሪዎቹም ተጠሪውም እሱኑ ያስገቡት። ተጠሪው ውስጥ ማስገባቱን ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ ዋናው ጥቅሙ ግን እዚያ ነው። ኮምፓይለሩ ሁለቱን ያስተያያል፤ ካልገጠሙ ኮምፓይል አያደርግም። የማይቀየር ፓራሜትር ከሆነ ኮንስት በሉት። ያኔ የተለየ ርዝመት ያለው ቁጥር ብትልኩም ኮምፓይለሩ ራሱ በልኩ ቀይሮ ያደርሰዋል።

ሲኤል ግን ፕሮቶታይፕ አያውቅም። ከሲኤል ለሚጠሩት ኮማንድ ሥሩላቸው፤ ቢያንስ ከሰብሚት ጆብ ለሚጠሩት።

የድሮ ፕሮግራም ላይ አንድ ፓራሜትር መጨመር ፈልጌ ነበር። ሁሉንም ጠሪዎች መንካት አለብኝ?

መጨረሻ ላይ ከጨመራችሁትና ኖፓስ (ባይላክም ይሆናል) ካላችሁት አይገባችሁም። ግን ፕሮግራሙ ውስጥ ከመንካታችሁ በፊት ስንት ፓራሜትር እንደተላከ በፓርምስ ጠይቁ። መሀል ላይ ከጨመራችሁት ግን ጠሪዎቹን በሙሉ አግኝታችሁ ኮምፓይል ማድረግ ግድ ነው። ርዝመት ማስረዘምም ያው ነው። የደንበኛውን ስም ከ30 ወደ 40 ልታሳድጉ ከሆነ፣ መጀመሪያ ጠሪዎቹን አሳድጉና አስገቡ፤ ተጠሪውን በመጨረሻ። በዚህ ቅደም ተከተል መሀል ላይ ብትያዙ እንኳ ሰፊ መሬት ላይ ጠባብ ቤት ነው፤ የማንም ድንበር አይገፋም።